የቨርን ገንዳ የተራገፈ ዕለት

ዌንደል ሩሽካ ውታፎቹን ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠራቸው። ሰባት ናቸው። ትናንትም ሰባት ነበሩ። በአሮጌ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ተኝተዋል፤ በእያንዳንዱ የጎማ ውታፍ ጀርባ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል፤ አንዱ ቁጥር ለአንዱ የገንዳ ቀዳዳ። ከቆርቆሮው አጠገብ ቱቦ የሚነፋበት ማሽን፣ ውሃ ቱቦ ውስጥ በረዶ እንዳይሆን የሚጨመረው ሮዝ ፈሳሽ በሁለት ጀሪካን፣ እጀታው ረጅም የሆነ ብሩሽ አለ። ሁሉም በእጅ ጋሪው ላይ ተሰድሯል። የቀረው የስልኩ መጮኽ ብቻ ነው።

ሎርና በየዓመቱ በጥቅምት የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ትደውላለች። ሰላምታ የላትም። «ዌንደል፣ ውሃው በረደኝ» ትልና ትዘጋለች። እሱ «መጣሁ» የሚለው ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። አባቷ ቨርን ከሞተ ወዲህ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው የዘለቁት። የሁለቱ ቤቶች ጓሮ በአንድ የእንጨት አጥር ነው የሚለያየው። እሱ የመዋኛ ገንዳዋን ለበረዶው ወራት ይዘጋላታል፤ እሷ ደግሞ በዚያ ቀን ብቻ የምትሠራውን ቺሊ፣ ባቄላው ከሥጋው ጋር ሲንተከተክ የዋለውን፣ በሰማያዊ ጎድጓዳ ሳህን ታቀርብለታለች። መጨረሻ ላይ ሸራውን አንዱ በዚህ፣ አንዷ በዚያ ሆነው ይስቡታል። ሸራ ለብቻ አይሳብም። ዌንደል የትምህርት ቤት አውቶቡሶች መካኒክ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከሰው ጋር ሲያወራ ምላሱ ይተሳሰራል። ይህች አንዲት ቀን ግን ለእሱ ከገና ትበልጥበታለች።

«ስልኩ ላይ ብታፈጥበት አይጮኽም» አለ አባቱ ኦቶ። ሽማግሌው በጓሮው በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጥሎ ሬዲዮው ኳስ እስኪጀምር ይጠብቃል።

«አላፈጠጥኩም አባዬ።»

«እሺ። እንግዲያው ስልኩ ነው አንተ ላይ ያፈጠጠው።»

ያኔ ከአጥሩ ወዲያ የሞተር ድምፅ ተነሣ። ፓምፕ ነው። ከአጥሩ ሥር ወፍራም ጎማ ብቅ ብሎ ወደ መንገዱ ቦይ ተዘረጋና ውሃ ይተፋ ጀመር። ሽታውም ወዲያው ደረሰ፤ ያ በአፍንጫ ውስጥ የሚቆረቁረው የክሎሪን ሽታ።

ዌንደል እጁን ከቆርቆሮው ላይ አነሣ።

ብሬት ነው። ሌላ ማን ይሆናል።

ብሬት በሰኔ ነው የመጣው፤ ከአሪዞና፣ ከፊኒክስ። ሎርና ለአክስቷ ልጅ ሠርግ ሄዳ እዚያ አገኘችው፤ በሦስተኛው ወር ቀይ ፒክአፑን እየነዳ እዚህ ኦሃዮ ድረስ ተከትሏት መጣ። ጥርሱ ነጭ ነው፣ ትከሻው ሰፊ ነው፣ በጥቅምት ብርድ ቁምጣ ይለብሳል። ዌንደልን ካገኘው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ «ጎረቤት» እያለ ይጠራዋል፤ ደግሞ ከልቡ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር።

በየበጋው ሎርና እሑድ እሑድ የገንዳውን ውሃ በጃም ብርጭቆ ቀድታ በአጥሩ ላይ ታቀብለው ነበር። እሱ ከትንንሾቹ ጠርሙሶች ጠብታ እየጨመረ፣ ውሃው ቢጫ ሲሆን የክሎሪኑን፣ ቀይ ሲሆን የጎምዛዛነቱን ልክ ይነግራታል። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ እሱ ግን አሥር ደቂቃ ያደርገዋል። ዘንድሮ ብርጭቆው ከሰኔ አጋማሽ ወዲህ ቀረ። አንድ እሑድ በአጥሩ ስንጥቅ ሲያይ ብሬት ውሃውን በመዳፉ ቀድቶ አሸተተና «ጥሩ ነው» አለ። ሎርና ሳቀች። ዌንደልን ከሁሉ በላይ ያቃጠለው መሳቋ አልነበረም። የዚያን ዕለት ሌሊት በአጥሩ በር ሾልኮ ገብቶ አንድ ብርጭቆ ቀድቶ ሲለካው ውሃው እውነትም ጥሩ ነበር።

«ሄደህ ሰላም አትላቸውም?» አለ ኦቶ።

«ምን ብዬ?»

«ሰላም ብለህ ነዋ።»

ዌንደል ቆርቆሮውን በብብቱ ይዞ ሄደ። ባዶ እጁን ከሚሄድ ይሻላል ብሎ ነው።

«ጎረቤት! ግባ ግባ፣ በሩ ክፍት ነው!» አለ ብሬት ከገንዳው ዳር። የአጥሩን በር በማጠፊያው ላይ የሰቀለው ዌንደል ራሱ መሆኑን ማን ይንገረው። «እንዴት ነው፣ አየኸው ፓምፑን? ትናንት ነው የተከራየሁት። አውሬ ነው!»

«ምን… ምን ልታደርግ ነው?»

«ላራግፈዋ! እስከ ታች።» ብሬት እጁን በቁምጣው ጠረገና ተጠጋው። «እኔ የምልህ፣ ሎርና የእናንተን ዘዴ ነገረችኝ። ክሎሪን ታበዛላችሁ፣ ቱቦ ትነፋላችሁ፣ ትወትፋላችሁ፣ ሮዝ ነገር ትጨምራላችሁ። ይህ ሁሉ ድካም ውሃው በረዶ ሆኖ ቱቦውን እንዳይሰነጥቀው አይደል? ውሃ ከሌለ ታዲያ ምኑ በረዶ ይሆናል? ፊኒክስ ውስጥ ሁለት መቶ ገንዳ አራግፌያለሁ ወንድሜ። አንድም ቀን ምንም ሆኖ አያውቅም።»

ሁለት መቶ ማራገፉን ዌንደል አልተጠራጠረም። የፊኒክስ መሬት ደረቅ ነው፤ ባዶ ገንዳ ጉድጓዱ ውስጥ እንደ ድስት ተቀምጦ ይከርማል። የዚህ ሰፈር መሬት ግን ውሃ የሚቋጥር የሸክላ አፈር ነው። ከኢሪ ሐይቅ በኩል የመጣው ዝናብ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወርዶበታል፤ ጠጥቶ ጠጥቶ ከሥር ሞልቷል። የቨርን ገንዳ ደግሞ በሲሚንቶ አልተገነባም። እንደ ትልቅ ጀልባ አንድ ወጥ ሆኖ የመጣ የፋይበር ቅርፊት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ተጭኖ ያስቀመጠው በሆዱ የያዘው ውሃ ብቻ ነው። ያ ውሃ ከወጣ ከሥር ያለው ያነሣዋል። ጀልባ ምን ያደርጋል? ይንሳፈፋል።

ቨርን ይህን ያውቅ ነበር። ገንዳውን ሲያስቀብር በጥልቁ በኩል፣ ከአበባው ቁጥቋጦ ሥር፣ እስከ ገንዳው መቀመጫ የሚወርድ ሰፊ ቱቦ አስቆሞ አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደነው። ከመሞቱ በፊት በነበረው በጋ ዌንደልን ጠርቶ ድንጋዩን አንሥቶ አሳየው። «ገንዳውን ዝቅ ማድረግ ግድ ከሆነ መጀመሪያ የዚህን ውሃ ሳበው። ለሎርና አልነገርኳትም፤ ትረሳዋለች። አንተ አትረሳም» አለው። ዌንደል ከዚያ ወዲህ ያንን ድንጋይ እንደ ውርስ ነበር የሚቆጥረው።

አሁን ይህንኑ ሊነግረው አፉን ከፈተ።

የጓሮው በር ተከፈተና ሎርና ሁለት ኩባያ ይዛ ወጣች። የለበሰችው የብሬትን ጃኬት ነው፤ እጅጌው ጣቶቿን ውጧቸዋል።

«ውይ ዌንደል! ልደውልልህ ነበር እኮ። ዘንድሮ እንኳን አረፍ ይበል ብዬ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አስቸገርኩህ።»

«አላስቸገርሽኝም» አለ ዌንደል፤ ድምፁን ግን ፓምፑ ዋጠው።

አንዱን ኩባያ ለብሬት ሰጠችው። ሌላውን ራሷ ያዘችው። «አስቸገርኩህ» የሚለው ቃል በዌንደል ጆሮ ውስጥ ቀረ። እሱ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቃት ቀን ለእሷ ጎረቤት የሚቸገርባት ቀን ኖራለች።

«ይኸውልሽ፣ ጎረቤታችን ውታፎቹን ይዞ መጥቷል» አለ ብሬት ቆርቆሮውን አይቶ። «አሁንማ ለሙዚየም ነው የሚሆኑት።» እጁን በሎርና ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። ቀልዱ ክፋት አልነበረበትም። ሎርና በክርኗ ጎሸም አደረገችው፤ ግን ፈገግ ብላ ነው።

«ሁሉንም ነው የምታወጣው?» አለ ዌንደል።

«ጠብታ አይቀርም!»

ዌንደል የብሬትን እጅ አየ፤ ከዚያ በሎርና ጣቶች ላይ የወረደውን እጅጌ አየ። አፉን ዘጋ። ካልጠየቁኝ፣ አለ በሆዱ። ራሱን ነቅንቆ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጎማው ውሃ ሲተፋ ተመለከተ። ገንዳው ስንት እንደሚይዝ ያውቃል፤ ፓምፑም የቱን ያህል እንደሚስብ ከጎማው ውፍረት ገመተ። ከቀትር በኋላ ጥልቁ ጋ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የመሬቱ ሥራ ነው።

ከቤታቸው ሥር፣ ከምድር ቤቱ ጥግ፣ የሥር ውሃ ሲሞላ በራሱ የሚነሣ ትንሽ ፓምፕ አለ። በደህናው ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ ቢነሣ ነው። ዛሬ ግን ተነሥቶ ያጉረመርማል፣ ያርፋል፣ ሰባት ደቂቃ ሳይሞላው እንደገና ይነሣል። ዌንደል ሰዓቱን አይቶ ለካው። ከዚያ መለካቱን ተወው፤ ፓምፑ ግን አልተወውም።

ቺሊው መሽተት ጀመረ። ዌንደል ሽታውን ከሥጋው ከባቄላው ለይቶ ያውቀዋል፤ ሎርና መጨረሻ ላይ የምታደርገውን ጥቁር ቸኮሌት እንኳ ሳይቀር። ሰማያዊው ሳህን ዛሬ ማን ፊት እንደሚቀመጥ አሰበ።

ከዚያ ማለም ጀመረ፤ በቁሙ፣ ዓይኑን ገልጦ። ገንዳው እንደ ጉማሬ ጀርባ ከመሬት ብድግ ሲል አየው። ብሬት አፉን ከፍቶ ሲቆም፣ የገንዳው ዳር ሲሚንቶ ሲፈረካከስ፣ ያ ነጭ ጥርስ ሲሸፈን። ቀዩ ፒክአፕ ሻንጣ ጭኖ ከግቢው ሲወጣ አየ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። «ዌንደል፣ ውሃው በረደኝ» አለችው። ያን ጊዜ ውሃ የሚባል ነገር እንደማይኖር ያውቃል፤ እዚያ ላይ ሲደርስ ግን ዘለለውና ሕልሙን ከመጀመሪያው ጀመረው። ጣፋጭ ነበር። ሦስት ጊዜ አየው።

«የምድር ቤቱ ፓምፕ ዛሬ ምን ነካው? አላስተኛኝም» አለ ኦቶ ከእንቅልፉ ባንኖ። ሬዲዮው ላይ ኳሱ ተጀምሯል፤ ተጫዋቾቹ ጭቃ ላይ እየወደቁ እንደሆነ ተንታኙ ያወራል።

«መሬቱ ሞልቶ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ቦይው የሚፈሰውን ጎማ አየ። ለሠላሳ ዓመት ጉድጓድ ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው።

«ዌንደል።»

«አቤት።»

«ያ ጎማ ከቨርን ገንዳ ነው?»

«አዎ።»

«ዝቅ እያደረጉት ነው… ወይስ እያራገፉት?»

«እያራገፉት።»

«ነገርከው?»

«አልጠየቀኝም።»

ኦቶ ሬዲዮውን አጠፋው። ኳስ እየተጫወቱ ሬዲዮ ማጥፋት የኦቶ ነገር አይደለም።

«ያቺን ልጅ ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም አልካት። አንድ ቀን እንኳ ‹ነይ እራት እንብላ› ብለሃታል? አላልክም። እሺ፣ ተፈጥሮህ ነው ብዬ ተውኩህ። አሁን ደግሞ ቤቷ ሲፈርስ ዝም ልትላት ነው?»

«ቤቷ አይደለም። ገንዳ ነው።»

«የቨርን ገንዳ ነው! አብረን ነው የቆፈርነው፤ እኔና እሱ! ምን ያስቀናሃል፣ ሰውዬው እኮ አልሰረቀህም፤ ያልያዝከውን ነገር ማን ይሰርቅሃል?»

«ተወኝ አባዬ።»

«እግሬ ቢታዘዘኝ ራሴ ነበርኩ የምሄደው። አንተ ግን እግር አለህ።»

ዌንደል ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። ወጥ ቤት ውስጥ ንጹሕ ኩባያ አጠበ። ያንኑ ኩባያ ደግሞ አጠበው። ከዚያ ደረጃውን ወጥቶ ከላይኛው ክፍል መስኮት ቆመ፤ ከዚያ የሎርና ጓሮ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ልይ ብቻ፣ አለ። ሲሆን ማየት መብቴ ነው።

ገንዳው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። በጥልቁ በኩል ጉልበት የማይሞላ ውሃ ብቻ ቀርቷል። ብሬት ፓምፑ ጋ ቆሟል። ሎርና ደግሞ ገንዳው ውስጥ ነች። የአባቷን አረንጓዴ ቦቲ ጫማ ተጫምታ፣ ጃኬቱን እንደለበሰች፣ ተዳፋቱ ላይ ቆማ ወለሉን በመጥረጊያ ትፈገፍጋለች። አንድ ነገር ብላ ሳቀች። ዌንደል ቦቲውን ያውቀዋል። ቨርን ገንዳውን ሲዘጋ የሚያጠልቀው ነው። እሷ ሰባት ዓመቷ እያለ ያንን ቦቲ በባዶ እግሯ አጥልቃ ስትወድቅ እሱ አይቶ ነበር፤ ያኔም በአጥሩ ስንጥቅ።

በዚህ መሐል እንደ ትልቅ ቅርንጫፍ ያለ ነገር ሲሰበር ተሰማ።

ብሬት ቀና ብሎ ዛፎቹን አየ። ሎርናም ዛፎቹን አየች። ዌንደል ብቻ ነው የገንዳውን ዳር ሲሚንቶ ያየው፤ በጥልቁ ጥግ በኩል ጥቁር ክር የመሰለ መስመር ወጥቶበታል።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደ አያስታውስም። በሩን አልፈለገም፤ አጥሩን ዘሎ በዚያኛው ወገን በጉልበቱ ወደቀ፤ ተነሣ።

«ሎርና ውጪ! ውጪ አልኩሽ!»

ዌንደል ሲጮኽ ማንም ሰምቶ አያውቅም። ሎርና መጥረጊያዋን እንደያዘች ድርቅ ብላ ቀረች።

«ምን ሆንክ ጎረቤት?» አለ ብሬት።

«ፓምፑን አጥፋ! ገንዳው እየተነሣ ነው፣ አጥፋው!»

እጁን ዘረጋላት። ቦቲዋ አዳለጣትና አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፤ ከዚያ ያዘችው። እርጥብ እጇን ጨብጦ ሳባት። በስድስት ዓመት ውስጥ እጇን ሲይዝ የመጀመሪያው ነው፤ ያኔ ግን ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም። ከእግራቸው ሥር ቅርፊቱ እንደ ግመል አጉረመረመ። በጥልቁ በኩል ነጩ ከንፈሩ፣ የቅርፊቱ ጠርዝ፣ ከሲሚንቶው በላይ ሁለት ጣት ያህል ብድግ ብሎ ነበር።

ዌንደል ከቁጥቋጦው ሥር ተንበርክኮ ጠፍጣፋውን ድንጋይ ገለበጠው። የቱቦው አፍ ታየ። ውሃው ከአንድ ክንድ እንኳ አይርቅም፤ ሰማዩ ውስጡ ይታያል።

«ፓምፑን ወደዚህ!» አለ። «ጎማው በዚያው ወደ ቦይው ይሁን። የዚህን ቤት ቧንቧ በሌላ ጎማ ገንዳው ውስጥ ልቀቀው፤ ከእኛ ቤትም ጎማ አምጣ። ሩጥ!»

ብሬት አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ሮጠ። ሥራ አዋቂ ነው፤ ይህንን ዌንደል ሊክደው አልቻለም። ከአጥሩ ወዲያ የኦቶ ድምፅ ተሰማ፤ «ቀዩን ጎማ! ቀዩን! አረንጓዴው ቀዳዳ ነው፣ አንተ ቁምጣ!»

ሦስቱም እስኪመሽ ድረስ ከገንዳው ዳር አልራቁም። ፓምፑ ከሥር ይስባል፣ ሁለቱ ጎማዎች ከላይ ይሞላሉ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከፍ ያለው ከንፈር አንድ ጣት ያህል ተመለሰ። የቀረው አንድ ጣት አልተመለሰም። ዌንደል እጁን በስንጥቁ ላይ አሳለፈና «ከዚህ በላይ አይወርድም። ውሃ ግን ይይዛል» አለ።

ብሬት ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ጉልበቱ በጭቃ ተለውሷል። «ሁለት መቶ ገንዳ» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «ሁለት መቶ! እንዲህ ያለ ነገር አለ ብሎ የነገረኝ አንድ ሰው የለም። አንተ ባታይ ኖሮ ምን እንሆን ነበር ወንድሜ? በሰዓቱ ደረስክልን።»

ዌንደል መሬት መሬቱን አየ።

ሎርና ግን ዌንደልን እያየች ነበር። «ያ ቱቦ መኖሩን አላውቅም ነበር» አለች።

«አባትሽ ነው ያሳየኝ።»

«መቼ?»

«ሊሞት ሲል።»

«ጠዋት መጥተህ ነበር» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታወራ። «‹ሁሉንም ነው የምታወጣው?› ብለህ ጠየቅኸው። እኔ አጠገባችሁ ነበርኩ። ያኔ ታውቅ ነበር?»

«አላሰብኩትም፣ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ» የሚል ውሸት ዌንደል አፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ብሬትም በደስታ ያምነው ነበር።

«አውቅ ነበር።»

«ከጠዋት ጀምሮ?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«ለምን ዌንደል?»

የዌንደል ዓይን ሳያስበው ጃኬቱ ላይ አረፈ፤ ረጅሙ እጅጌ ላይ። ሎርና ሲያይ አየችው። ወደ ጃኬቱ ዝቅ ብላ ተመለከተች፤ ከዚያ ወደ እሱ። ፊቷ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ቀላ። ዚፑን እስከ አገጯ ድረስ ሳበችው።

«ወደ ቤትህ ሂድ» አለችው። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለው ነበር።

ሳምንቱን በሙሉ ሁለቱ ጎማዎች በገንዳው አፍ ላይ ዋሉ፤ ቀዩም ሌሊት ሌሊት ከዌንደል ቤት ቧንቧ ይፈስ ነበር። ማንም አጥፋው አላለውም፣ ማንም ይፍሰስ አላለውም። በመኻሉ ብሬት ክሎሪኑን እንደ ደንቡ አበዛበት፤ ሽታው በአጥሩ ላይ ሲመጣ ዌንደል ልኩን በአፍንጫው ገመተና ትክክል ሆኖ አገኘው።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ኦቶ ዓይኑን ከጋዜጣው አላነሣም፤ ገጹን ማንበብ ግን አቁሟል።

«ውታፎቹን ይዘህ ና» አለች ሎርና። «ብሬት የትኛው የት እንደሚገባ አያውቅም።» ሌላ ምንም አላለችም። አልዘጋችውም ግን።

«መጣሁ» አለ ዌንደል።

«እሺ» አለችና ዘጋች።

ውሃው ከገንዳው አፍ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ ከቱቦዎቹ ውሃ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎች ሸፍኗቸዋል፤ ንጹሕ ነው፤ አረንጓዴ እንዳይሆን የሚያደርገውም መድኃኒት ገብቶበታል። ዌንደል ማሽኑን አስነሣ። አየሩ በቱቦዎቹ ሄዶ ከቀዳዳው ሲወጣ ውሃው ይንተከተካል፤ መንተክተኩ ሳይቆም ነው መወተፍ ያለበት። ብሬት ውሃው ዳር በደረቱ ተኝቶ እጁን ዘረጋ። አንደኛው ገባ። ሁለተኛው ገባ። ብሬት ከቆርቆሮው አንዱን አንሥቶ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ያጠብቅ ጀመር።

ዌንደል ቁጥሩን አየ። አራት ነው። በመጠን ከቁጥር ሦስት የሚለየው በፀጉር ነው፤ ገብቶ የጠበቀ ይመስላል፣ በጥር ብርድ ይለቃል፣ ቱቦውም ይሰነጠቃል። ይህንን የሚያውቅ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። የብሬት ትከሻ እርጥብ ነበር። ከበስተኋላው ሎርና ፎጣ ይዛለት ቆማለች። ፎጣውን በደረቷ አቅፋ ታሞቅለታለች።

ዌንደል ፎጣውን አየ፤ ከዚያ ቁጥሩን ደግሞ አየ።

«እሱ አይደለም» አለ። «አራት ነው እሱ። የዚህኛው ሦስት ነው፤ ካልሆነ ጥር ላይ ይለቃል።»

ብሬት ወዲያው ነቀለው። «አየሽ?» አለ ወደ ሎርና ዞሮ። «ቁጥር ማንበብ እንኳ አልችልም።»

ሎርና አልሳቀችም። ዌንደልን አንድ ጊዜ አይታ ዓይኗን መለሰች።

ሸራውን ብሬትና ሎርና ሳቡት። እሷ በድሮ ቦታዋ፣ እሱ በዌንደል ቦታ። ዌንደል ዙሪያውን እየተንበረከከ የሸራውን ሞላዎች በየመንጠቆው አያያዘ። ሸራው በሦስቱ ጥግ እንደ ከበሮ ተወጠረ። በአራተኛው ጥግ፣ ከፍ ባለው ከንፈር በኩል፣ ቢስቡት ቢያጠብቁት አልተኛም፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ።

ቺሊ በሦስት ሳህን መጣ። ሰማያዊው ለብሬት ነበር። ዌንደል ነጩን ተቀብሎ ቆሞ በላ። ያው ቺሊ ነበር፤ ቸኮሌቱም ሳይቀር። ሲጨርስ አመስግኖ ጋሪውን ጫነና ቆርቆሮውን ሊያነሣ ጎንበስ አለ።

«ቆርቆሮውን እዚሁ ተወው» አለች ሎርና።

ተወው።

አመሻሽ ላይ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ተነሣ። ዌንደልና ኦቶ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከአጥሩ ወዲያ አንድ ነገር ጠፍ ይላል፤ ያርፋል፤ ደግሞ ጠፍ ይላል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ኦቶ።

«የቨርን ገንዳ ነው። ሸራው አንዱ ጥግ ላይ አልተኛም።»

«ሊያስተካክሉት አይችሉም?»

«አይችሉም። ያ ጥግ ከእንግዲህ እንዲያ ነው።»

ኦቶ ልጁን በጎን አየውና ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ። «እንግዲህ በረዶው እስኪጫነው ድረስ ስንሰማው መክረማችን ነው» አለና ወደ ውስጥ ለመግባት ምርኩዙን ፈለገ።

ዌንደል አስነሥቶ አስገባው። የበረንዳውን በር ሊዘጋ እጁን ዘረጋ። ከዚያ ወዲያ ማዶ የጓሮው መብራት በራና ሎርና በዚያው ጃኬት ወጥታ ጥጉ ላይ ጡብ ስታስቀምጥ በአጥሩ ስንጥቅ ታየችው። ጡቡን ጫነችው፣ አንድ እርምጃ ራቅ ብላ አዳመጠች። ሸራው ጠፍ አለ።

ዌንደል በሩን ሳይዘጋው ተመልሶ ተቀመጠ።